የአብራክ ልጅ፣ የጡት ልጅ

ዳባት ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መርፌም ቴርሞሜትርም አልሰጡኝም። የጤና መኮንኑ አቶ ታደለ እርሳስ፣ ማስመሪያና አንድ ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እስቲ ቤተሰብሽን ሳይልኝ» አሉኝ። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ፤ ባልና ሚስት በአግድም መስመር ይያያዛሉ፣ ልጆች ከሥር ይወርዳሉ። ከጎንደር የነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ፣ ነጭ ልብሴን አስተኩሼ የመጣሁ ነኝና ትንሽ ቅር አለኝ። ቢሆንም ሳልኩና ሰጠኋቸው።

ጥቂት አይተው «ከእናንተ ጋር ያደገ፣ ግን ከእናንተ ያልተወለደ ሰው የለም?» አሉ።

«እናቴ ያሳደገቻት የጎረቤት ልጅ አለች።»

«ታዲያ የታለች?»

በነጠብጣብ መስመር ጨመርኳት። «አሁን ሥራሽን ጀመርሽ» አሉኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ጥናታችን በሥጋ ደዌ ላይ ነበር። በዚያ አገር በሽታው በዘር ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ አንድ ሰው ከታመመ የወንድሙን ልጅ እንኳ የሚያገባ አይገኝም። ሐኪሞች በጀርም እንደሚመጣ ያውቃሉ። ያልለየላቸው ግን በአንድ ቤት ካሉት አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን እንደሚተው ነው። ስለዚህ እኔና አቶ ታደለ በበቅሎ እየዞርን የታማሚዎችን ቤተሰብ እንመረምር ነበር፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ተራራው ግርጌ።

ምርመራው ቀላል ነው። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ በጥጥ ጫፍ ቆዳውን እነካለሁ፤ እሱ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል። ከጆሮው ጫፍ በምላጭ ትንሽ ጭሬ ስላይድ ላይ እቀባለሁ፤ አቶ ታደለ በማይክሮስኮፕ ያያሉ። እጄ እስከ ዛሬ አይንቀጠቀጥም፤ በዚህ እኮራለሁ።

ከባዱ ዘር መጠየቅ ነበር። በዚያ አገር ዘር የሚቆጠረው ለርስት ነው። መሬት የሚያርሰው ከእገሌ እወለዳለሁ ብሎ ያስመሰከረ ሰው ነው። ስለዚህ እርሳስ ይዤ ስቀርብ «ለየትኛው ዳኛ ነው የምትቆጥሪው?» ይሉኛል። ቀስ በቀስ መላውን አገኘሁት። እርሳሱን በኪሴ አድርጌ መጀመሪያ ቁስላቸውን አጥባለሁ። ጨዋታ ሲመጣ ልጅነታቸውን ያነሳሉ፤ ማን እንዳሳደጋቸው፣ ከማን ጋር እንደተኙ፣ ማን እንደሞተባቸው። ወረቀቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ፈቅደው እንደሆነ።

ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር ኮርቻ ሠሪው ማንደፍሮ ይኖር ነበር። ሁለት ጣቶቹ ታጥፈው ቀርተዋል። አባቱ በዚሁ በሽታ ታሞ ሞቷል። ታላቅ ወንድሙ ጓንጉል ግን ጤነኛ ነው፤ እናቱ ስትሞት አጎቱ ወስዶ ተራራው ላይ አምባራስ በምትባል መንደር አሳድጎት፣ አባቱ ከሞተ በኋላ ነው የተመለሰ። ማንደፍሮን ከአባቱ ሥር በቀጥታ መስመር ሳገናኘው ወረቀቱን ትክ ብሎ አየ።

«ይኼ መስመር ምን ማለት ነው?»

«ከእሳቸው ተወለዱ ማለት ነው።»

ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲያው አጥፊው። እናቴ ከሊማሊሞ ማዶ የመጣች መንገደኛ ናት፤ እኔን ወልዳ እዚሁ ሞተች። አባባ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው አጠቡኝ፣ በአገሩ ወግ የጡት ልጅ አደረጉኝ። አገሩ ከሌላ ሴት የወለዱኝ ይመስለዋል። ይኼ ከተሰማ የማርሰው መሬት ይሄዳል።»

ለማንም እንደማልናገር ቃል ሰጠሁት።

በዓመቱ የጓንጉል ልጅ ጥሩወርቅ ታጨች። የወንዱ አባት ግራዝማች ደምሴ ነበሩ። የማንደፍሮን ጣት ነገር ሰምተው በገበያ ቀን ጤና ጣቢያ መጡ። በርኖሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ያ ቤት ዘሩ ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም? አንድ ቃል ይበቃኛል።»

«ግራዝማች፣ የሰው ሕመም በእኔ አፍ አይነገርም። የእርስዎንም ለሌላ አልናገርም።»

«አለመናገርሽ መናገር ነው» አሉና ወጡ። አቶ ታደለ ከውስጥ ሰምተዋል። «ደግ አደረግሽ» አሉኝ፤ ነገር ግን ሁለታችንም ከፍቶን ዋልን።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ማንደፍሮ መድኃኒቱን ሊወስድ መጣ። እጮኝነቱ ሊፈርስ እንደሆነ ሰምቷል። ጥሩወርቅ ከቤት መውጣት ትታለች አለኝ። እኔም ግራዝማች ምን እንደጠየቁኝና ምን እንደመለስኩ ነገርኩት። እንጨት ላይ ተቀመጠ።

«አንቺ ቃልሽን ጠበቅሽ። እኔ ግን ዝም ካልኩ ልጅቱ በእኔ ጣት ትቀራለች።»

«መሬትዎስ?»

«እጄ ካልሰነፈ ኮርቻ እሰፋለሁ። ብቻ የእጮኝነቱን ነገር በሚያዩት ሽማግሌዎች ፊት ስናገር እናንተ ኑልኝ፤ ዋሸ እንዳይሉኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹና የሁለቱ ወገን ዘመዶች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጽድ ሥር ተሰበሰቡ፤ እኔና አቶ ታደለም ሄድን። ማንደፍሮ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ቆመ።

«አባቶቼ፣ እኔ የአባባ የአብራክ ልጅ አይደለሁም። በጡት ልጅነት ነው ያደግሁ። የአብራካቸው ልጅ ጓንጉል ነው፤ አካሉን እዩት። በሽታው ከደማቸው ቢሆን እሱን ይዞ እኔን በማረኝ። እኔን የያዘኝ ከታመሙት ከአባባ ጋር አንድ መደብ ላይ ተኝቼ ስላደግሁ ነው።»

ጉምጉምታ ተነሳ። ከጓንጉል ዘመዶች አንዱ ብድግ አለና «እንግዲያው እሱ የሚያርሰው የወንዙ ዳር መሬት የእኛ ነው» አለ።

ጓንጉል ሳይቸኩል ተነሳ። «እኔ አምባራስ ተመችቶኝ ስኖር አባቴን አጥቦ፣ አጉርሶ የቀበረ እሱ ነው። ወንድሜ ነው። መሬቱን የሚከስ ካለ ከሳሹ ከእኔ ጋር ይሟገት።»

ሽማግሌዎቹ አቶ ታደለን ጠየቁ። እሳቸውም «በአንድ ቤት ብቻ አልፈርድም» አሉ። «አንዱ ሰው ከሌላው ቶሎ የሚያዝበት ነገር በደም የለም ብዬም አልምልም፤ ያ ገና ይጠናል። ባየናቸው ብዙ ቤቶች ግን በሽታው ያልተወለደውን አብሮ አዳሪ ሲይዝ፣ ርቆ ያደገውን ልጅ ሲተው አይተናል። መድኃኒትም አለው። ማንደፍሮ እየወሰደ ነው።»

ያኔ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ማንም አልጠራትም። እጆቿን ዘርግታ «እትዬ ሲስተር፣ እዚሁ ፈትኚኝ» አለችኝ። ዓይኗን ጨፈነች። አገሩ ሁሉ እያየ በጥጥ ጫፍ ነካኋት፤ መዳፏን፣ ክንዷን፣ ጉንጯን። በነካሁ ቁጥር ጣቷ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል።

«ጤነኛ ናት» አልኩ።

ግራዝማች ደምሴ ቀረቡና የራሳቸውን እጅ ዘረጉልኝ። «እኔንስ?» ፈተንኳቸው፤ ደህና ነበሩ። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ሄዱ፤ እኛም ያልተሳካ መሰለን። ከፋሲካ በኋላ ግን የሠርጉን ቀን የሚቆርጡ ሽማግሌዎች ላኩ። ሠርጉ ላይ ማንደፍሮን ከጎናቸው አስቀምጠው ነበር።

የመሬቱ ክስ አልቀረም። ጓንጉል ደባርቅ ፍርድ ቤት እየተመላለሰ ስለ ወንድሙ ቆመ። ፍርዱ ሳይሰጥ አብዮቱ መጣ፣ የርስት ሙግትም አብሮ ቀረ። የማንደፍሮ ቆዳ ዳነ፤ የታጠፉት ጣቶቹ ግን አልተዘረጉም። በቀሩት ጣቶቹ የሰፋልኝን ኮርቻ ለቆላ ጉዞ ሁሉ ተቀምጬበታለሁ።

ጥናቱ ወደ ጎንደር ሲላክ አቶ ታደለ ስሜን ከስማቸው አጠገብ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆስፒታል ሠርቻለሁ፣ ብዙ ነርስም አስተምሬያለሁ። የምኮራበትን ሥራ ለጠየቀኝ የምናገረው ስለዚህ ነው።

ዛሬ ስለ ቤተሰብ ለምታጠኑ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ሰው ከማን እንደተወለደ ሲነግራችሁ ሊከፍልበት የሚችለው ነገር አለ። ያ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትጠይቁት።