የጀልባዋ ሆድ ዝም ያለ ቀን

«ሚሊሜትር» የሚለው ቅጽል ስም የወጣላት ገና በሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ስድሳ አንድ ሞልቷታል፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ቶርኖ ላይ ቆማ ብረት ስትቀርጽ ነው የኖረችው። አንድ ዘንግ በፀጉር ውፍረት እንኳ ከተዛባ፣ መለኪያ ሳታወጣ በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ይሄ አይሆንም፣ መልሱት» ትል ነበር። ጡረታ የወጣች ዕለት የሥራ ባልደረቦቿ አዲስ ካሊፐር ቢሸልሟት፣ እዚያው ፊታቸው ከፍታ ለካችበትና ዓይኗን ጠበብ አድርጋ «ትንሽ ይዋሻል» አለቻቸው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ስለነበር ወደቡ ላይ ያለ ሁሉ «ሾፌሩ» ይለዋል። ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ባሕር ላይ ወጥተው የሆነች ደሴት ብቅ ስትል «ቀጣይ ፌርማታ! ወራጅ አለ?» ብሎ ይጮኻል፤ ወራጆቹ ሁልጊዜ ሁለቱ ብቻ ቢሆኑም። አሮጌዋን ባለሸራ ጀልባ ገዝተው ቅዳሜና እሑድ እየጠጋገኑ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዓመቱን ግማሽ የሚኖሩት እሷ ላይ ነው።

ጀልባዋ አንድ ዐመል ነበራት። ከሆዷ ሥር ያለው ፕሮፔለር ሦስት ክንፎቹ ድርቅ ያሉ፣ የማይታጠፉ የማይገለበጡ ነበሩ። ሞተር ሲሠራ ይገፋል፣ ጎበዝ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሸራ ሲወጣ ግን ያው ፕሮፔለር መልሶ ጠላት ይሆናል፤ ባልዲ በገመድ አስሮ ከኋላ እንደመጎተት ነው። በነጻ እንዲሽከረከር ከተዉት ዘንጉ ቀኑን ሙሉ ከወለሉ ሥር «እም... እም... እም...» እያለ እንደ በሽተኛ ያቃስታል። ማርሽ አስገብተው ቢቆልፉት ደግሞ ውሃው ክንፎቹን እየደበደበ የወለሉን ጣውላ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጀልባዋም ይባስ ትጎተታለች። ስለዚህ ማቃሰቱን መረጡ። ከጊዜ ብዛት ጆሯቸው ለመደው፤ ክፍሏ ውስጥ ሲያወሩ ድምፃቸውን ከፍ ማድረጋቸውንም ረስተውት ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ወደብ ሊገቡ ሁለት ሰዓት ሲቀራቸው ማዕበል ደረሰባቸው። ሾፌሩ አንጀቱ እስኪገለበጥ አስመለሰው። ሚሊሜትር መሪውን ጨብጣ ስታሰላ አመሸች፦ ያ ፕሮፔለር ባይጎትታቸው ኖሮ ማዕበሉ ሳይነሳ ገብተው ነበር። ሥራዋን ሳትጨርስ የማትተኛ ሴት ናትና፣ የብሱን እንደረገጠች በቀጥታ ወደ ጋሼ ነሐሱ ዘንድ ሄደች።

ጋሼ ነሐሱ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከጥገና ግቢው ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ ፕሮፔለር ሲያቀኑ፣ ሲበይዱ፣ ሲሞርዱ ኖረዋል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ትንሹ ፕሮፔለር እንደ ባርኔጣ ተሰቅሏል፤ ወለሉ ላይ የነሐስ ፍቅፋቂ በመስኮቱ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። ፀጉራቸው ውስጥ ሳይቀር የነሐስ ብናኝ አለ፤ ስሙንም ያወጣላቸው እሱ ነው።

«ሁለት ዓይነት አለኝ» አሉና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። «ዓይንሽ ይፍረድ።»

የመጀመሪያው ታጣፊ ነበር። ሁለት ክንፍ ብቻ። ጋሼ ነሐሱ በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርጉት ክንፎቹ ወደ ኋላ ተሰብስበው፣ ለጸሎት እንደተጋጠሙ ሁለት መዳፎች ገጠሙ። መነሻቸው ላይ ያሉት ጥርሶች ስለተያያዙ አንዱ ያለ ሌላው አይከፈትም፣ ያለ ሌላው አይዘጋም። ሚሊሜትር ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ ደግማ ከፈተችው። ልቧ እዚያው ቀረ።

«ከዚህ የሚፈጥን የለም» አሉ ጋሼ ነሐሱ። «ሸራ ስታወጪ ውሃው ገፍቶ ያጥፈዋል፣ የሌለ ያህል ነው። ገመድም ቅጠልም አይይዝም።»

«ነውሩስ?»

«ብልህ ነሽ። ነውሩ ወደ ኋላ ስትሄጂ ነው። ክንፎቹን ከፍቶ የሚይዛቸው መሽከርከራቸው ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሆን ውሃው ሊዘጋቸው ይታገላል። ይይዛል፤ ግን ትንሽ አስቦበት ነው የሚይዘው።»

ሁለተኛው ተገላባጭ ነበር። ሦስት ክንፍ፤ አይታጠፍም። እያንዳንዱ ክንፍ ግን ሥሩ ላይ ይዞራል። ጋሼ ነሐሱ ሞርሳ ላይ አሰሩትና ዘንጉን ወደ ፊት አዞሩት፤ ሦስቱ ክንፎች በአንድ ጊዜ ዘመም አሉ። ወደ ኋላ አዞሩት፤ ሦስቱም ተገልብጠው በዚያኛው ፊታቸው ቆሙ። ዘንጉን ያዙና ክንፎቹን በመዳፋቸው ከፊት ወደ ኋላ ዳበስ አደረጓቸው፤ ሦስቱም እንደ ቢላ ስለታቸውን ሰጥተው ቀጥ አሉ።

«ስፕሪንጉ የት ነው?» አለች ሚሊሜትር።

«ስፕሪንግ የለውም።»

«ሽቦ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያዞራቸው?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ውሃው። ሞተር ሲገፋቸው ለመግፋት ይቆማሉ። ሞተር ሲተዋቸው ውሃው ራሱ ‘ዘወር በሉልኝ’ ይላቸዋል፤ እነሱም ይሰሙታል።»

አስፈትታ ውስጡን አየችው። ሾጣጣ ጥርሶች፣ እያንዳንዳቸው የጥፍር ያህል፣ መሀል ለመሀል ተገናኝተው። ሠላሳ አራት ዓመት ብረት የሠራችው ሴት አፏን ይዛ ቀረች። የሠራውን አእምሮ ነበር የምታደንቀው፤ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ባሕሩን ሊታገለው ሳይሆን ሊታዘዝለት አስቧል።

«ይሄኛው ወደ ኋላም እንደ ፊቱ እኩል ይይዛል» አሉ ጋሼ ነሐሱ። «ግን በየዓመቱ ግራሶ ይፈልጋል። ከታጣፊውም ጥቂት ይበልጥ ይጎትታል።»

ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «ምን ጥያቄ አለው? ፈጣኑ ነዋ!» አለ። እሷም ልቧ ታጣፊው ጋ ስለነበር አልተከራከረችም። ጀልባዋን ከውሃ ለማስወጣት በሳምንቱ እንዲያመጧት ተቀጣጠሩ።

በሳምንቱ ሲመጡ ንፋሱ ከጎን ነበር። መሪውን እሷ ይዛለች፤ ሾፌሩ ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሟል። እንደ ሁልጊዜው ጀልባዋ ወደ ግንቡ ስትጠጋ ገመዱን የብረቱ ምሰሶ ላይ ወርውሮ በትከሻው ገትቶ ያቆማታል። ወረወረ፤ ገባለትም። ሲገታት ግን እጁ ከዳው። ገመዱ ከጣቱ ሸሸ። ጀልባዋ ወደ ድንጋዩ ግንብ ገሰገሰች። ሚሊሜትር የኋላ ማርሽ አስገብታ ሞተሩን አስጮኸችው፤ አሮጌው ፕሮፔለር ውሃውን ነክሶ ያዘ፣ ጀልባዋም ግንቡ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ነፍሷ ወጥታ ተመለሰች።

«ገመዱ እኮ እርጥብ ነው!» አለ ሾፌሩ እየሳቀ። ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ይዞ ነበር።

ዕራት ላይ አየችው። ማንኪያውን በግራው ነው የሚይዘው። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ አልተቆለፈም፤ ቀኝ እጁ እዚያ ድረስ አይደርስም ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ያንን ከባድ የአውቶቡስ መሪ ያዞረ ትከሻ አልቋል። ከመቼ ጀምሮ? የፀጉር ውፍረት የማያመልጣት ሴት ከጎኗ የሚተኛውን ሰው ሳትለካ ስንት ወር እንዳለፈ ማሰብ አቃታት። ውሃ ቀዳችለት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ነሐሱ በሩን ሳይከፍቱ ደረሰች። «ሁለተኛውን» አለች።

«ምነው? ዓይንሽ እኮ ታጣፊው ላይ ነበር።»

«ወደ ኋላ ሳያስብ የሚይዘውን ነው የምፈልገው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ትናንት ከበራቸው ሆነው ሁሉንም አይተው ነበር። «መልካም» አሉ።

ሾፌሩ ሲሰማ ግን አኮረፈ። «ፈጣኑ እያለ? ምን ነካሽ?»

«ግራሶ መቀባት ስለምወድ ነው» አለችው፤ ነገሩም በዚህ አለቀ።

ጀልባዋ ከውሃ ወጣች፤ ፕሮፔለሩን የገጠመችው ራሷ ነች። ሁለት ቀን ሙሉ ጀልባዋ ሆድ ሥር ተንጋላ ዘንጉን አጸዳች፣ ለካች፣ የክንፎቹን ዘንበል ከሞተሩ ጉልበት ጋር አስማማች። ሲያልቅ በጣቷ ገፋ አደረገቻቸው፤ ሦስቱም ያለ ድምፅ ዞሩ።

በሦስተኛው ቀን ባሕር ላይ ናቸው። ከወደቡ ወጥተው ሸራው ንፋስ ሲሞላ ሚሊሜትር ሞተሩን አጠፋች። ጋሼ ነሐሱ እንዳሳዩዋት ዘንጉ እንዳይዞር ማርሽ አስገባች። ከእግሯ ሥር አንዲት «ቋ» ተሰማች። ክንፎቹ ለውሃው ዘወር አሉለት። ጀልባዋ የሆነ ሰው ቀሚሷን ይዟት ኖሮ የለቀቃት ይመስል ወደ ፊት ተወነጨፈች።

ሾፌሩ ደንግጦ ዞረ። «ምን ተበላሸ?» አለ።

«ምንም።»

«የሆነ ነገር ተበላሽቷል። አይሰማም እኮ!»

እውነቱን ነው፤ አይሰማም። አሥራ አንድ ዓመት ያቃሰተው ነገር የለም። የቀረው የውሃው መፍሰስና የሸራው ትንፋሽ ነው። ሚሊሜትር ውሃ እንዳያስገባ ልታይ ወደ ታች ወረደች። የወለሉን ክዳን ልታነሳ ተንበረከከች፤ ግን እጇ ባለበት ቀረ።

ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር ይሰማል። መጀመሪያ የበር መዝጊያ ሲጥ ሲጥ የሚል መሰላት። ቀጥሎ ረዘመ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ሽቅብ ወጣ፤ አቋረጠና ራቅ ካለ ቦታ ሌላ መለሰለት። የብረት ድምፅ አልነበረም። የብረትን ድምፅ ሁሉ ታውቃለች። በእንጨቱ አልፎ ጉልበቷ ውስጥ ገባ፤ ጥርሷ ላይ ተሰማት።

«ና!» አለች። ድምፅዋ በሹክሹክታ ወጣ። «ናማ፣ ቶሎ!»

ሾፌሩ መሪውን አስሮ ወረደ። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ጆሯቸውን ጣውላው ላይ አደረጉ። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ የሚዘፍን ሰፊ ቤት ይመስል ነበር። ሾፌሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም።

ወደ ላይ ሲወጡ ከጀልባዋ ግራ ሠላሳ ሜትር ርቀት ላይ ባሕሩ ተከፈለ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ማለቂያ የሌለው ጀርባ ወጣ፤ ትንፋሹን ሲለቅ እንደ ጭጋግ ሽቅብ ተበተነና ፊታቸውን አራሰው። ዓሣ ነባሪ። ከጎኗ ትንሽዬ ልጇ አለች፤ ትንሽዬ ብትባልም ጀልባቸውን ታክላለች። ሁለቱ ቀስ ብለው ከጀልባዋ ሆድ ሥር አለፉ። ሚሊሜትር ወደ ታች አየች፤ ያ ነጣ ያለ ሆድ በውሃው ውስጥ እያለፈ፣ እያለፈ፣ አሁንም አላልቅ አለ። ልትለካው እንኳ አልቃጣትም።

«ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ነበሩ?» አለ ሾፌሩ በመጨረሻ።

«ነበሩ።»

«እኛ ነን የምንጮኸው።»

እጁን ያዘችው፤ ግራውን።

ወደ ማታ ወደብ ሲመለሱ ንፋሱ ያው ከጎን ነበር። ግንቡ ሲቀርብ የኋላ ማርሽ አስገባች። «ቋ» አለና ክንፎቹ ተገለበጡ፤ ጀልባዋ ግንቡን ልትነካ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች። ሾፌሩ ሊወረውር ያዘጋጀውን ገመድ ይዞ ግንቡን አየው። ከአውቶቡስ እንደሚወርድ ሰው አንድ እግሩን አንስቶ ወረደ፤ ዝም ብሎ ወረደ። ዞር ብሎ አያት።

«ለዚህ ነው?» አላት።

«ገመዱን እሰር» አለችው።

ስለ ዓሣ ነባሪዎቹ ለጋሼ ነሐሱ ስትነግራቸው ሽማግሌው ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ፈራ ተባ እያሉ፣ ከወደቡ አፍ አልፈው እንደማያውቁ ነገሯት። አርባ ዓመት ሙሉ! ባሕር ያዞራቸዋል፤ ወጣት ሳሉ አንድ ጊዜ ሞክረው ሊሞቱ ደርሰው ነበር። በእጃቸው ያለፉት ፕሮፔለሮች ከሄዱበት አንዱንም ቦታ አላዩም።

ሚሊሜትር ለሦስት ሳምንት ወተወተቻቸው። በመጨረሻ ባሕሩ እንደ ሳህን ረግቶ ለስለስ ያለ ንፋስ ባለበት አንድ ጠዋት፣ በእጃቸው የፕላስቲክ ባልዲ ይዘው መጡ። «ለጥንቃቄ ነው» አሉ። ሾፌሩም ባልዲውን ተቀብሎ እንደ ትልቅ እንግዳ ሻንጣ በክብር አስቀመጠላቸው።

ሸራው ወጣ፣ ሞተሩ ጠፋ። ጋሼ ነሐሱ ወለሉ ላይ ተጋደሙ፤ ሚሊሜትር ትራስ ብታቀርብላቸው እምቢ አሉ፣ ጆሯቸው ከጣውላው እንዳይርቅ። ዓሣ ነባሪ ያን ቀን አልመጣም። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሾፌሩ አዘነላቸው፤ «ሌላ ቀን እንመለሳለን፣ ጋሼ፤ ዛሬ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አላቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ከእሳቸው ጣውላ ሥር፣ ከአፍንጫቸው ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ውሃው በሦስቱ ክንፎች መሀል እያለፈ ነበር፤ እንደሚቀደድ ሐር ያለ፣ ቀጭን፣ ያልተቋረጠ ድምፅ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። ባልዲዋም ሳትነካ ተመለሰች።