የኖሪስ አክሮይድ ስም የለሽ አስተያየት

ኖሪስ አክሮይድ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም። የገጨው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያውም ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በእስክሪብቶ።

ቶድመርደን በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ በሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው «ጭቃና ብረት» የሚባል ጨዋታ ይጫወታሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች በሐሳቡ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ የዚያን ሰው ጉልበት፣ ጫማና ቁስል ሳይቀር ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ በሰውየው ስም፣ በሐሳብ በተፈጠረ አገር ይዘምታል። ይሙት ይዳን የሚፈርደው ዳይስ፣ ማለትም የሚጣለው ባለ ቁጥር ጠጠር ነው። ሕጉን የጻፈውም የሚያጫውተውም ዊልፍ ዴውኸርስት ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ በር ሲጠግንና ቧንቧ ሲፈታ የኖረ፣ በገዛ ድምፁ የሚደነግጥ የሚመስል ዝምተኛ ሰው። የሌሎች ሰዎች ጨዋታ ውስጥ አስማት እንደ ጉድ ነው፤ የሞተ ይነሳል፣ የተቆረጠ ይበቅላል። በዊልፍ አገር ያለችው ግን አንዲት ጠንቋይ ብቻ ናት፤ እሷም ቅጠል ቀጥቅጣ ሳል ለማስታገስ ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል።

ለዚህ ድርቅናው ከኖሪስ የበለጠ ጠበቃ አልነበረውም። ጨዋታው የወንድ ነው፣ ሞት ሞት ነው እያለ ሰፈሩን ያሰለቸው እሱ ነው። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ብራዮኒ አንድ ቀን ራሱን በራሱ የሚያበራ ትንሽ ፋኖስ ብትፈቅዱልኝ ብላ ጠየቀች፤ ሌላ አስማት አላማራትም። ኖሪስ ፋኖስ የፈለገ ፎቅ ላይ ከሚጫወቱት ሕፃናት ጋር ይቀላቀል፣ እዚያ ጭማቂም ያድላሉ አላት። ሥጋ ቆራጩ ክላይቭ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ፋኖሷ» ሆነ።

የኖሪስ ሰው ሃልዋርድ ይባላል። ስድስት ዓመት የኖረ፣ ሽፍታ የፈጀ፣ ኖሪስ ስለ እሱ ሲያወራ ደረቱን የሚነፋለት ጀግና። ባለፈው ወር ይኸው ሃልዋርድ የገበሬ ግቢ አቋርጦ ሲሄድ ዝይ ባቱን ነከሰችው። ሁሉም ሳቀ፣ ኖሪስም ሳቀ። ቁስሉ አመረቀዘ። ጠንቋይቱ ወንዝ ማዶ ነበረች። ዳይሱ ሲጣል ከቁጥሮቹ ሁሉ የከፋው አንድ ወጣ፤ ሃልዋርድ ጭድ ላይ ተኝቶ ሞተ። ኖሪስ ሕግ ሕግ ነው አለ፣ ሻዩን ጨለጠ፣ ክላይቭ እንደ ዝይ ሲጮህበትም ፈገግ አለ። ቤቱ ሲደርስ ግን እራቱን አልቀመሰም። ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ስለ ዝይ ማልቀስ አሳፍሮት፣ ማልቀሱን ትቶ መጻፍ ጀመረ።

ክለቡ አንድ ልማድ አለው። በየስድስት ወሩ ተጫዋቾቹ ስለ ጨዋታው ያላቸውን አስተያየት ስም ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት አምጥተው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታሉ፤ ዊልፍም አንዲት ቃል ሳይዘል ጮክ ብሎ ያነባል። ኖሪስ እጁ ላይ የገባውን ወረቀት ቀደደና ማንም እንዳያውቅበት በትላልቅ የመጽሐፍ ፊደላት ጻፈ። ይህ ጨዋታ አይደለም፣ የሐኪም ቤት ወረፋ ነው አለ። አስማት ይግባበት አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ከማንም የተናደደ ሰው አይለይም ነበር። ብዕሩ አልቆም አለውና የመጨረሻዋን መስመር ጨመረ፤ «ሚስቱን ማዳን ያቃተው ሰው ሌላውም እንዳይድን ሕግ አወጣ።»

የዊልፍ ሚስት ሞሪን ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። ከሬሳ ሣጥኗ አንዱን ጥግ የተሸከመው ኖሪስ ራሱ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ዊልፍ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። የብራዮኒ ጨዋታው ቀስ ይላል ግን እወደዋለሁ የሚል ነበር፤ የክላይቭ ደግሞ ዝይዋ ሹመት ይገባታል የሚል። ሦስተኛውን ሲጀምር ድምፁ እንደተለመደው ለስላሳ ነበር። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ መነጽሩን ገፋ አደረገ፣ ሳይዘል አነበባት፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ቆርቆሮውን ከደነና ሻይ ላፈላ ብሎ ተነሣ።

ክላይቭ ወደ ብራዮኒ ዞረ። አስማት አስማት ስትል የኖረችው እሷ ናት፤ ሌላ ማን ይሆናል? «ቆንጂት፣ ፋኖስ ተከለከልኩ ተብሎ የሰው መቃብር ይቆፈራል?» አላት።

«እኔ አልጻፍኩትም።»

«ታዲያ ማን ጻፈው? ኖሪስ ነው?»

ክላይቭ ይህን ያለው ለቀልድ ነው። ብራዮኒ ኖሪስን አየችው። አይደለም የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ አዎ የሚልም አልወጣም። ከቅድም የተረፈውን፣ ስኳር የሌለውን ሻይ ማማሰል ያዘ። እሷም ዳይሶቿን በከረጢቷ ሰበሰበች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ከዊልፍ በስተቀር ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ክላይቭ ሲጋራውን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ።

ኖሪስ አንድ ነገር ትዝ ያለው ያኔ ነው። ያንን ጉድ የጻፈው በምን ወረቀት ላይ ነበር? በሃልዋርድ ወረቀት! ፊደሉን ሲደብቅ አምሽቶ፣ ጀርባው ላይ በገዛ እጁ «ባት፤ የዝይ ንክሻ፤ አመርቅዟል» የሚለውን ትቶታል። ቆርቆሮውን ይዞ ወደ አዳራሹ ጥግ ሸሸ፣ እጁን እስከ አንጓው ድረስ ከተተ፣ ያወጣው ግን የብራዮኒንና የክላይቭን ብቻ ነው። ቀና ሲል ዊልፍ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቆሟል።

«ብስኩት ፈልጌ ነው» አለ ኖሪስ።

«ከገና ጀምሮ ብስኩት ኖሮበት አያውቅም።» ዊልፍ የሸሚዝ ኪሱን ነካ አደረገ። አንድ የታጠፈ ወረቀት ብቅ ብሏል። «ወረቀቱን ገና ስዘረጋው ጀርባውን አይቼዋለሁ።»

ኖሪስ የሚገባበት ጉድጓድ ቢያገኝ በዚያች ቅጽበት አይመለስም ነበር። ይቅርታ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ጨዋታውን ከሞሪን በኋላ ስለጻፍከው መስሎኝ ነው የሚል የባሰ ቅሌት ነው።

«ከሞሪን ጋር ነው የጻፍኩት» አለ ዊልፍ። «ሐኪም ቤት፣ አልጋዋ ላይ ሆና። ሰው ሁሉ ተአምር ይመጣል እያለ ሲዋሻት ሰለቻት፤ የማይዋሽ ጨዋታ እንሥራ አለች። ዝይዋን ያስገባችው እሷ ናት። ስታስገባት እስኪያስላት ድረስ ነው የሳቀችው።»

ውሃውን ኩባያዎቹ ላይ ቀዳ፤ አራት ኩባያ ነበር። አራተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«የእኔን ተወው፣ እኔ እችለዋለሁ። ብራዮኒ ግን ፌርማታ ቆማለች። የአሥር ሰዓት ከአምስቱን አውቶቡስ ነው የምትይዘው።»

ኖሪስ ያንን መስመር አሥራ አንድ ዓመት ነድቶታል፤ መቼ እንደሚዘገይ፣ መቼ እንደሚቀድም ያውቃል። በዚያን ቀን ጉልበቱን እየያዘ በዝናብ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ሰው የሞተበት መሰለው። አውቶቡሱ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረሰና አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አኖረ። ሾፌሩ ኖሪስ ራሱ ያሠለጠነው ሰው ነበር።

«ኖሪስ፣ ትሳፈራለህ ወይስ ትወርዳለህ?»

ብራዮኒ ሁለተኛው ወንበር ላይ ናት። ኖሪስ ለብቻዋ ሊያናግራት እንደሚፈልግ ነገራት። እዚሁ ተናገር አለችው። የገበያ ዘንቢል የያዙ ሦስት ሴትዮዎች ጆሯቸውን አቀኑ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። «ሁሉንም። ስለ ሚስቱ ያለውንም።»

«ይሄን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ እንዳልጻፍኩት አውቃለሁ። ክላይቭ ሲሰድበኝ አፍህ ውስጥ ምን ነበር?»

 ሾፌሩ በትሕትና ሰዓቱን አየ። ብራዮኒ ተነሣች፣ ከጎኑ አልፋ ወረደች፣ ቆማ ሳትጠብቀው ወደ አዳራሹ አቀናች። ኖሪስ አሥር እርምጃ ከኋላዋ ተከተላት። ቀድሞ መግባት አልደፈረም፤ ወደ ኋላ መቅረትም አልቻለም።

ክላይቭ ከጓሮ ተመልሶ ወንበሩን ይዟል። ብራዮኒ በሩ ላይ ቆመች። ኖሪስ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ጠረጴዛውን እያየ፣ ወረቀቱ የእሱ መሆኑን፣ እሷ ስትከሰስ እያወቀ ዝም ማለቱን ተናገረ። ክላይቭ ቀልድ የሚፈልግ ይመስል ፊቱን መረመረው፤ ቀልድ አላገኘም።

«የሞሪንንም?»

«የሞሪንንም።»

ክላይቭ፣ በሕይወቱ አንዲት ኩባያ አጥቦ የማያውቀው ክላይቭ፣ ተነሥቶ ኩባያውን ወደ ወጥ ቤት ይዞ ሄደና ማጠብ ጀመረ። የውሃው ድምፅ ረጅም ጊዜ ተሰማ። ሲመለስ ብራዮኒን ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም እሺ ብላ ወንበሯን ሳበች።

ዊልፍ ካርታውን ዘረጋ። ጨዋታው ባለፈው ሳምንት የተቋረጠው ወንዝ ዳር ነው፤ ብራዮኒ ዳይሷን አውጥታ መሻገር ጀመረች፣ ክላይቭ ገመድ ያዘላት። ኖሪስን ሂድ ያለው የለም። አዲስ ሰው የሚፈጥርበት ባዶ ወረቀት የሰጠውም የለም። እሱም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሌሎቹ ሲሻገሩ አየ።