ማውስ እንደ በሬ አይዞርም

ሥልጠናው ሰቆጣ ላይ እንደሚሰጥ ስሰማ ከደስታዬ ብዛት ስለ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ፃግብጂ ወረዳ አንዲት ቀበሌ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሰቆጣ ታስተምራለች። አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ስለምል ልጃችን በር ላይ ስታየኝ «እማ፣ እንግዳው መጣ!» ብላ ትጮሃለች። እንዴት እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

ሰቆጣ ባለው መሥሪያ ቤታችን አንድ ክፍት ቦታ ነበር። ቦታውን የሚይዘው ከኮምፒውተር ሥልጠናው በኋላ ፈተናውን ያለፈ ነው ተባለ። ስልክ ላይ ጣቴን እንደማንም አንሸራትታለሁ፤ ኮምፒውተር የማውቀው ግን ኃላፊዎች ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ሲቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በንግግር አለቀ። አንዱ ተነስቶ ስለ ዲጂታል ዘመን ይናገራል፤ ሌላው ተነስቶ ያንኑ ይደግመዋል። ኮምፒውተሮቹም ከነዳንቴላቸው ተቀምጠው አዳመጡ። ከምሳ በኋላ ሲገለጡ አንዱ ለሁለት ሰው ሆነ፤ እኔ የተመደብኩት ከገዛ ኃላፊዬ ጋር ነው።

«እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው። ሰው እንዲህ ሲባል «ኧረ አንተ ቅደም» ይላል፤ ትንሽ መገባበዝ አለ። እሳቸው ግን ማውሱን ይዘው ቀሩ። ቢያንቀሳቅሱት እኮ ምንም አልነበረም፤ መዳፋቸውን ጭነውበት አሠልጣኙን በትኩረት ያያሉ። ከሰዓቱ እንዲሁ ሊያልቅ ሲል፣ እግዜር ይስጠው፣ ስልካቸው ጮኸና ወጡ።

ማውሱ ገና ይሞቃል። ወደ ቀኝ ገፋ ሳደርገው ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስትም ወደ ቀኝ ሄደ። ደስ አለኝ። የጠረጴዛው ዳር ላይ ስደርስ፣ ጋዝጊብላ ወረዳ አባቴ ማሳ ላይ እርፍ ይዤ ያደግሁ ሰው፣ ሌላ ምን ላደርግ ነው? አዞርኩት። በሬ ዳር ሲደርስ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል እንጂ የኋሊት ሲያርስ ማን አይቷል? የማውሱን ገመድ ወደ ሆዴ አድርጌ ወደ ግራ ነዳሁት። ቀስቱ ግን መመለስ እምቢ ብሎ ቀኝ ዳር ተለጥፎ ቀረ። ሳላስበው አባቴ በሬዎቹን በሚያዝበት ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ጮህኩበት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም የገበሬ ልጅ ስለሆነ ምን እንዳደረግሁ ማንም አልጠፋውም። አንዱማ «ጅራፍ ላምጣልህ?» አለኝ። ከባሕር ዳር የመጣው ወጣት አሠልጣኝ ብቻ ግራ ገባው።

«ወንድሜ፣ ለምን አዞርከው? ፊቱን ሳታዞር የኋሊት ሳበው። ጠረጴዛው ካለቀብህ ብድግ አድርገህ መሐል ላይ መልሰህ አስቀምጠው።»

ቤት ሄጄ በሳሙና ተለማመድኩ። ባለቤቴ «ወደ ቀኝ! ዳር ደረስክ፣ አንሳ!» እያለች ታዘኛለች፤ ልጄ በሳቅ ትንከተከታለች። እየዋለ ሲያድር ሳሙናውን ራሷ እያመጣች «አባ፣ እንጫወት» ማለት ጀመረች። አባ! ያን ጊዜ ፈተናውን ከልቤ ፈራሁት።

የተጠየቅነው ፎልደር ከፍተን ስማችንን ጽፈን እንድናስቀምጥ ነበር። ሠራሁት፤ አንደኛ ወጣሁ። ኃላፊዬ አልቻሉም፤ ኃላፊ ስለሆኑ ግን «በንቃት ተሳትፈዋል» ተብሎ ሰርተፍኬት ተሰጣቸው። በማግስቱ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ አኮራኸን» አሉኝ። «እንዲህ ያለ እውቀት ከተማ ተቀምጦ መባከን የለበትም። ፃግብጂ ተመልሰህ ሕዝቡን ታገለግልበታለህ፤ ኮምፒውተርም ይዘህ ትሄዳለህ።»

«የዚህስ ቦታ?»

«ለጊዜው ከወደቁት አንዱ ይያዘው። እዚህ ከኛ አጠገብ ሆኖ ይለማመዳል።»

«እኔ ያለሁበት ቀበሌ እኮ መብራት የለም።»

«እሱ ይደርሳል።»

ደሜ ፈላ፤ አፌ ግን «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ።

ቤት ስደርስ ልጄ ሳሙናውን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ አንደኛ መውጣቴን ጭምር። ሳሙናውን ከልጅቷ እጅ ወስዳ ቦታው መለሰችው።

«አንተ ሰው» አለችኝ፣ «ብትወድቅ ምን ነበረበት?»