ባለቤቱ ያልመጣ ፎቶ

ኩልፎ ወንዝ ዳር የወደቀ ሾላ ሲሸተኝ፣ ሲቀላ ሰፈር የነበረው የአባቴ ፎቶ ቤት ትዝ ይለኛል። ሁለት ሐይቅ ደጃችን እያለ፣ ደንበኞቹ ፎቶ የሚነሱት ግድግዳው ላይ በተሳለ የውጭ አገር ፏፏቴ ፊት ቆመው ነበር። አንድ ቀን ግን አባዬ ካሜራውን ይዞ ወጣና የኩልፎን የሾላ ዛፎች አነሳ። ፎቶውን መስኮቱ ላይ ከሙሽሮች ፎቶ ጎን ሰቀለው።

«አባዬ፣ ሰው የሌለበት ፎቶ የማን ነው?» አልኩት።

«ባለቤቱ ገና አልመጣም» አለኝ።

ማን ይሆን እያልኩ መስኮቱ ሥር ስጠብቅ ከረምኩ። ማንም አልመጣም።

ዛሬ ያንን ፎቶ ይዤ ከትንሿ ልጄ ጋር ኩልፎ ዳር ፎቶው የተነሳበት ቦታ ቆምኩ። የቀረው አንድ ሾላ ብቻ ነው፤ ሌላው የሙዝ ማሳ ሆኗል። ልጄ ፎቶውን ከእጄ ወስዳ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሙዙን አየች።

«እማዬ፣ ዛፎቼን ማን ቆረጠብኝ?»