ጳጉሜን ስድስት የተወለደው ልጅ

ሲሃም ኸይረዲን ከሞጣ ተነሥታ ቢቸና ስትደርስ ወገቧ አልቃና ብሏት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ሌሎች የጻፉትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ስትጠግን ኖራለች፤ የራሷን መቼ እንደሠራች እንኳ አታስታውስም። በዚያ ሳምንት ሦስተኛ መንገዷ ነው።

የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጋሽ ቢያድግልኝ በር ላይ ጠበቋት። «አንድ ሕፃን አለ፤ የሱን መዝገብ ስንከፍት ፕሮግራሙ ድርግም ይላል። የሌላው ሁሉ ይከፈታል» አሏት።

የሕፃኑ እናት ውበቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። «የክትባት ካርዱን ዝናብ አበላሸብኝ። የትኛውን እንደተወጋ የሚያውቀው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፤ ደከመኝ» አለች።

ሲሃም «እኔም» ልትል ቃጥቷት ዋጠችው።

ፕሮግራሙን የጻፈው የሥራ ባልደረባዋ ስጦታው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ከላፕቶፑ ጋር ጠፍቷል፤ የቀረው ኮምፓይለር የሚባለው ተርጓሚ ፕሮግራም ለማሽን የተረጎመው ብቻ ነው። የስህተት መልእክቱ መጨረሻ ላይ እንዲህ የሚል መስመር ነበር፦

_ZN6Mezgeb7PagumenEi

ጋሽ ቢያድግልኝ አጎንብሰው አዩና «ይህ ደግሞ የምን ጠልሰም ነው?» አሉ።

«የፕሮግራሙ የአንዱ ክፍል ስም ነው ጋሼ፤ ኮምፓይለሩ ጠቅልሎት ነው። ስድስት ቁጥር፣ ስድስት የላቲን ፊደል ይከተላል ሲል ነው፤ ‹መዝገብ›። ሰባቱም እንዲሁ፤ ‹ጳጉሜን›።»

ስጦታውን «ስሙን በእንግሊዝኛ አውጣው፤ ነገ ሌላ ሰው ያነበዋል» እያለች ስትነዘንዘው፣ «ሌላው ሰውማ አንቺው ነሽ» ብሎ ይስቅባት ነበር።

ወደ ውበቴ ዞረች። «ልጁ መቼ ተወለደ?»

«ጳጉሜን ስድስት።»

ያን ስም በያዘው ክፍል ውስጥ፣ በማሽን ትእዛዞቹ መካከል፣ አንድ አምስት ቁጥር አገኘች። ስጦታው ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ዘንግቷል። ቅጂ አስቀምጣ አምስቱን ስድስት አደረገችው። አሁን ደግሞ ፕሮግራሙ ጳጉሜን አምስት በምትሆንበት ዓመትም ስድስትን ይቀበላል። ይህንኑ በወረቀት ጽፋ ኮምፒውተሩ ጎን ለጠፈች፤ ከዚያ በላይ ለመሥራት አቅም አልነበራትም።

መዝገቡ ተከፈተ። የቀረው የኩፍኝ ክትባት ነበርና ልጁ ተወጋ፤ ጤና ጣቢያውን በለቅሶ አናጋው። ውበቴ አዝላው ስትወጣ «ጉልበትሽን ያድስልሽ፣ እህቴ» ብላ መረቀቻት።

የሞጣው መኪና አምልጧት ስለነበር ሲሃም ቢቸና ማደሯን ለእናቷ ለዘይዳ ደውላ ነገረቻት።

«ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«አንድ ቁጥር ቀየርሁ።»

ዘይዳ «እህል ቀምሰሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ሲሃም አልቀመሰችም ነበር።