የሙሽራ አባት በጓሮ በር

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ከሺራ ጋር የሠርግ አዳራሽ ልናይ ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ወጣት ነው። መብራቱን ሁሉ አበራልን፣ መድረኩን አሳየን፣ ስለ ዓሣውና ስለ ሰላጣው ብዙ አወራ። ከእንግዶቻችን አንዱ አካል ጉዳተኛ ቢሆንስ ብዬ ስጠይቀው ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «ሁሉም ናጊሽ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር እንደ ልቡ ይገባል» አለኝ። «በየት በኩል?» አልኩት። «በጎን በኩል» አለ። ይህን «በጎን በኩል» የሚሉትን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሺራ ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችኝ፤ ጠባዬን ታውቃለች።

እኔ ራሴ ባል ያገባሁት እዚሁ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ከፋብሪካዎቹ ሰፈር በነበረ አንድ አዳራሽ ነው። ዛሬ ፈርሶ የመኪና ጎማ መሸጫ ሆኗል፤ ደግ አደረጉ። ጊዜው ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጠዋት ጣል ብሎ አቧራውን አጥቦት፣ ከባሕሩ በኩል ጨው ጨው የሚል ንፋስ ይመጣል። ሺምሾን ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ዘመድ ዳቦ ሲደፋ፣ ሽንኩርት ሲያቁላላ ሰንብቶ ሕንፃው በሙሉ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። እኛ ከታች ነን፤ ከላይ የሚኖሩት አፍንጫቸውን ይዘው በደጃችን ሲያልፉ እንዳላየን እንሆናለን።

አባቴን ሰው ሁሉ አባ ታገለ ይለው ነበር። ከአዲስ አበባ ስንመጣ ታናሽ ወንድሜን ደሳለኝን አዝሎ የአውሮፕላኑን ደረጃ የወጣ ጠንካራ ሰው ነው። ጥቂት ዓመት ፋብሪካ እንደሠራ ደም ግፊት ጣለው፤ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። አንደበቱና ኩራቱ ግን አልተነኩም። በእኛ ወግ ልጁን የሚድር አባት በፊት በር ይገባል፣ ሰው ሁሉ ብድግ ይልለታል፣ ሙሽራዋም ጉልበቱን ስማ ምርቃቱን ትቀበላለች። ከታመመ ጀምሮ ሰው በላዩ ላይ አሻግሮ እያየ ሲያነጋግረው ለኖረ ሰው ያ ቀን ምን ማለት እንደነበር ማንም አይነግረኝም። ማታ ማታ ምርቃቱን ለብቻው ሲለማመድ በግድግዳው እሰማው ነበር።

አዳራሹ ደጅ ስንደርስ ደረጃ ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን ቀይ ምንጣፍ የለበሰ፣ ጫፉ ላይ ፎቶ አንሺ የቆመበት የእብነ በረድ ደረጃ ነው። አዳራሹን ስንይዝ ለተሽከርካሪ ወንበር መግቢያ አለ ብለውን ነበር። የአዳራሹ ባለቤት ሲጋራውን እንደያዘ ወጣና ጣቱን ወደ ሕንፃው ጀርባ ቀሰረ።

«እዚያ፣ በወጥ ቤቱ በኩል።»

«የሙሽራዋ አባት እኮ ነው» አልኩት በዕብራይስጥ።

«ሕጉ ይግባ ነው የሚለው። በዚህ በር ይግባ አይልም።»

ምን ማድረግ እንዳለበት ለማወቅ ሕግ የሚያነብ ሰው አለ። ይህኛው ያነበበው ሰውን እስከ የት ድረስ ማዋረድ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር።

ያኔ ከጦር ሠራዊት የተመለሰው ደሳለኝ ከጓደኞቹ ጋር እጅጌውን ሰበሰበ። «አባዬ፣ አንዲት ዳካ እንኳ አይፈጅም፤ ከነወንበርህ ብድግ አድርገን እናስገባሃለን።»

«በሰው ትከሻ የሚሄድ በድን ነው» አለ አባቴ። «እኔ ልጄን ልድር ነው የመጣሁት። ሳንቃ ያንጥፉልኝና በዚሁ ልግባ።»

ደሳለኝ ይህን ለባለ አዳራሹ ነገረው። ሰውየው ሳቀ። «ያለን ሳንቃ የአትክልት ሣጥን የምናስገባበት ነው፤ ከወጥ ቤቱ በር አይነሣም» አለ።

የባሌ እናት እትዬ ብርቄ ጆሮዬ ሥር መጡ። «ልጄ፣ እንግዳው ተቀምጦ ይጠብቃል። አባትሽን ለምኛቸው፤ ሽማግሌ አንዴ እልህ ከያዘው አይለቅም» አሉ። የሚያጋባን ረቢ ሰዓቱን ያያል፤ ባርኔአ ሰፈር ሌላ ሠርግ አለበት። «እንግዲያው የሠርጉን ዳስ፣ ሁፓውን፣ እዚሁ መኪና ማቆሚያው ላይ ትከሉት፤ እዚሁ እጋባለሁ» አልኩ። እትዬ ብርቄ ልጃቸው በመኪና መሀል እንደማይዳር ተናገሩ። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። ዛሬ ሲጠየቅ «እየጸለይኩ ነበር» ይላል፤ ውሸታም። በዚህ መሀል ደሳለኝ የባለ አዳራሹን አንገትጌ አነቀ፤ የባሌ ወንድሞች ደሳለኝን ያዙት፤ የእኛ ልጆች ደግሞ እነሱን ሊይዙ መጡ።

«በቃ» አለ አባቴ። «ግፉኝ።»

የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው አልሰጠሁም። በቆሻሻ ገንዳዎቹ መሀል አለፍን። የበሰበሰ ቲማቲምና የበረኪና ሽታ ይሰነፍጣል፤ የቀሚሴ ጫፍ የዓሣ እጣቢ ጠጣ። ድስት የምታጥብ አንዲት ሴት፣ የእኛው ሰው፣ ነጭ ጋቢውንና ጭራውን ስታይ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አባቴ» አለችው። አባቴ ፊቱን አዞረ። ሰላምታ ሳይመልስ ሲያልፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የወጣነው ከዘፋኞቹ ጀርባ፣ በድምፅ ማጉያው ኋላ ነበር። እንግዳው ሁሉ ዓይኑን ፊት በሩ ላይ ተክሎ እኛን ይጠብቃል። ማንም አላየንም፤ ማንም አልተነሣም። ጉልበቱን ስሜ ቀና ስል «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ያን በግድግዳ የሰማሁትን ረጅም ምርቃት ከእሱ አፍ ሳልቀበል ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ የማንም ሠርግ አልሄደም። ደሳለኝ ሲያገባ እንኳ ራሴን አሞኛል ብሎ ከቤት ቀረ።

ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ እንግዲህ ሕንፃውን ዞሮ አሳየን። ከዚያን ጊዜው ይሻላል፣ አልክድም፤ ሲሚንቶው ልስልስ ነው፣ የእጅ መደገፊያው ያብረቀርቃል፣ ሰማያዊ ምልክትም ተሰቅሏል። መጨረሻው ግን ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለ የብረት በር ነው። ሰው ተምሯል፣ ሕጉም ጠንክሯል ይሉኛል። እኔ የማየው ያንኑ ውርደት ቀለም ቀብተው ማቅረባቸውን ነው።

«ኢማ፣ ከእኛ ወገን በወንበር የሚሄድ ሰው እኮ የለም» አለች ሺራ በዕብራይስጥ። «ሳባም ከሞተ ስንት ዓመቱ።» አያቷን ማለቷ ነው።

«አዎ፣ የለም» አልኳትና ሌላ ቦታ እንደምንፈልግ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት።

ሺራ ሺምሾን እስክንደርስ አኮረፈችኝ። ታኩርፍ፤ በማግስቱ በርዶላታል። አባቴ በእኔ ሠርግ እንዳኮረፈ ነው የሞተው።