እህቷን የጠየቀች አዋላጅ

ክፍላችንን ለሁለት የሚከፍለው አንድ መጋረጃ ነው። በወዲህ በኩል እኔ ሕፃናት እከትባለሁ፤ በወዲያ በኩል አዋላጇ ነፍሰ ጡሮችን ትመረምራለች። ሠራተኛው ሁሉ «በረዶ» ይላታል። መንታ ተወለደ ሲባልም፣ እናት ሞተች ሲባልም ፊቷ ያው ነው። እኔ ሆደ ባሻ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል።

ሥራዋ ላይ ግን አቃቂር የሚያወጣላት የለም። ግርዛትን የምታነሳበት የራሷ መላ አላት። መጀመሪያ አብራ የመጣችውን እናት ወይም አማት «ውጭ አረፍ ይበሉልኝ» ብላ ታስወጣለች። ከዚያ ለነፍሰ ጡሯ ጀርባዋን ሰጥታ ቧንቧውን ትከፍትና እጇን እየታጠበች ትጠይቃለች፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩማ ማን ይመልስላታል! «ልጅ ሆነሽ ተገርዘሽ ነበር? ለምጡ እንድዘጋጅ ነው።» ቀጥላ፣ የምትወለደው ሴት ከሆነች ምን እንዳሰቡ ትጠይቃለች። ደም መፍሰሱን፣ ቁስሉን፣ የምጡን መከራ ረጋ ብላ ታስረዳለች። አንዲት ቃል ስትቀይር ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ታናሽ እህቷ ሆዷ ገፍቶ መጣች፤ እናታቸው ተከትለዋታል። የምትወለደው ሴት እንደሆነች በአልትራሳውንድ ታይቷል። በረዶም እንደ ልማዷ እናትየውን «ውጭ አረፍ ይበሉልኝ» አለቻቸው። ለገዛ እናቷ! ከዚያ ቧንቧውን ከፈተች።

«ልጅ ሆነሽ ተገርዘሽ ነበር?»

እህቷ ሳቋ አመለጣት። «ምን ነካሽ? አንድ ቀን፣ አንድ አልጋ ላይ አይደል እንዴ! አንቺ ቀድመሽ፣ እኔ ተከትዬ።»

«አውቃለሁ። የምትወለደውስ?»

ሳቋ ቆመ። «እማዬ የምትገርዘውን ሴትዮ አነጋግራለች፤ ገና አራስ ሳለሁ ልታመጣት ነው። እኔ አልፈልግም። እሷ ፊት ግን አፌ ይተሳሰራል። አንቺ ንገሪልኝ፣ በናትሽ።»

በረዶ ጓንቷን አጠለቀች፤ መጋረጃውን ገልጣ እናቷን አስገባችና ያቺኑ የለመደቻትን ጀመረች። ደሙን፣ ቁስሉን። እናትየው አላስጨረሷትም።

«እኔንም ልታስተምሪኝ! እናንተ ተገርዛችሁ አይደል እንዴ ያደጋችሁት? አንቺ ተማርሽ፣ አገባሽ፣ ወለድሽ። እስቲ ምን ጎደለብሽ?»

እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አይሰማኝም» አለች በረዶ በዚያው ድምጿ። «ባሌ ሲነካኝ አይሰማኝም። በፊት በፊት ያቺ ቀን ትዝ እያለችኝ እፈራ ነበር፤ አሁን ፍርሃቱም የለም። ልጄን ወልጄ ሲያሳቅፉኝ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ጣሪያውን ነበር የማየው። እህቴ የአራስነቷን ጊዜ የምታሳልፈው እኔ ቤት ነው። ሴትዮዋ ደጄን አትረግጥም።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እናትየው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ታናሽየዋ አልጋው ላይ ሆና ታለቅሳለች፤ የእኔማ አይነሳ። በመጨረሻ «በቃ፣ ሴትዮዋን አስቀራታለሁ» አሉና ተነስተው ትልቋን ልጃቸውን አጥብቀው አቀፏት፤ ትከሻዋ ላይ ተንሰቀሰቁ። እሷ ጓንት ያጠለቁ እጆቿን ልብሳቸው እንዳይነካ ዘርግታ፣ እስኪለቋት ድረስ ቆማ ጠበቀች።